ቻርጀሩ አረንጓዴ ያበራል፣ ባትሪው ግን ባዶ ነው

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ግቢ አንዳንዴ የካምፕ መኪና ቆሞ ታያላችሁ። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው ሁሉ ውስጡ ነው። ቀን ይዞራል፣ ማታ ፍሪጁንና መብራቱን የሚያሠራው ባትሪ በውስጡ ባለው ቻርጀር እንዲሞላ ከሆቴሉ ሶኬት ተሰክቶ ያድራል። ጠዋት የኔ ስልክ ይጮኻል። "ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አደረ፣ ባትሪው ግን ንክች አላለም።" ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ከሚመላለሱት ጀልባዎችም ፍሪጅና ሙዚቃ የተገጠመላቸው በዚሁ በሽታ ይታመማሉ።

ሶኬቱ መብራት እንዳለው፣ ብሬከሩ እንዳልወረደ፣ ፊውዙ እንዳልተቃጠለ፣ የባትሪው ማጥፊያ እንዳልተዘጋ አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው። ያላያችሁ ሂዱና እዩ፣ እጠብቃለሁ።

ቻርጀሩ ጨርሶ አይበራም

ዲቫይደሩን ጠርጥሩ። ርካሽ ዲቫይደር ውስጡ ያለው ቆርቆሮ ሲሞቅ ይከፈትና ስፒናውን አይነክስም። ነቅላችሁ በቀጥታ ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩ።

አንዴ ሦስት ቀን የተመላለስኩበት መኪና ነበር። ቀን እኔ እያለሁ ይሞላል፣ ማታ አይሞላም። ለካ ጥበቃው ሌሊት ስፒናውን ነቅለው ሻያቸውን ያፈላሉ፣ መልሶ መሰካቱን ይረሱታል። "ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?" ስላቸው "አንተ መቼ ጠየቅኸኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀንስም። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ቢጻፍበት እንኳ ማይክሮዌቩና ኤሲው አይችሉትም። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። አንዱ ሳይጠይቅ ሰክቶ፣ እኔ የተጠራሁት ግቢው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት ነው።

አረንጓዴ መብራት፣ ባዶ ባትሪ

አሁን ወደ ዋናው። የምጠራበት አብዛኛው ሥራ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ያለ ጥፋቱ ባትሪ የሚጥለውም እዚህ ላይ ነው።

ቻርጀሩ 14.4 ቮልት ያወጣል። ባትሪው ላይ ቴስተር ስታደርጉ 12.4 ታነባላችሁ። ሁለቱ ቮልት የት ሄደ? መንገድ ላይ ቀረ። የላላ ወይም የዛገ አንድ መጋጠሚያ በልቶታል። 20 አምፔር ማሳለፍ የነበረበት መስመር 4 አምፔር ያንጠባጥባል። ቻርጀሩ ደግሞ ሞኝ ነው። የሚሄደው አምፔር ሲያንስ "ጠግቧል ማለት ነው" ብሎ አረንጓዴውን ያበራና ይተኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ኔጌቲቩ ነው። ፖዘቲቩን ሰው ሁሉ ስለሚፈራው ይንከባከበዋል። ማሳው፣ ማለትም የኔጌቲቩ ሽቦ፣ ግን የመኪናው አጥንት ሻንሲ ላይ በአንዲት ቡሎን ታስሮ ይረሳል። ክረምት ጭቃ ይጠጣል፣ በጋ አቧራ ይለብሳል። መኪናው እዚህ የሚደርሰው የስሜንን ኮረኮንች ወርዶ ስለሆነ ዳዶውም ይላላል።

በጎንደር በኩል የመጣ አንድ መኪና ሁለት ባትሪ ተቀይሮለት ነበር። ሁለት! ቻርጀሩም ተቀይሯል። ባለቤቱ ከመናደዱ የተነሳ ቁልፉን ወርውሮልኝ ቡና ሊጠጣ ሄደ። ሥሩ ገባሁ። ማሳው የታሰረበት ቦታ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ቦዲውን ያደሰው ጋራዥ ሻንሲውን በሙሉ ቀለም ቀብቶ፣ ማሳውን መልሶ ቀለሙ ላይ አስሮታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም እኮ! ያቺ የምታልፈው ጥቂት አምፔር በቡሎኑ ጥርስ በኩል እየተሹለከለከች ነበር። ብረቱ እስኪነጣ ፍቄ አሰርኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የተጣሉት ባትሪዎች ምንም አልነበራቸውም።

እንዴት ታገኙታላችሁ? ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ቻርጀሩ መሥራት አለበት፣ የመኪናውንም መብራቶች አብሩ፤ አምፔር ካልሄደ ጥፋቱ አይታይም። አንዱን ጫፍ የቻርጀሩ ኔጌቲቭ መውጫ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ሽቦውን የሚነክሰው ሞርሴቶ ላይ አይደለም፣ ከባትሪው የወጣው የእርሳስ ጉጥ ራሱ ላይ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ አግኝታችሁታል። የዚያ መኪና 1.9 ነበር። ከዚያ የባትሪውን ጫፍ ሳታነሱ ሌላውን በየመጋጠሚያው እያዛወራችሁ ተከተሉት። ቁጥሩ ድንገት ዘጭ የሚልበት ቦታ ላይ ነው ሌባው። ፖዘቲቩንም በዚሁ መንገድ ለኩ። እጅ ማስጠጋትም ይረዳል፣ የታመመ መጋጠሚያ ይሞቃል።

ስትሠሩት መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉ። ጣሪያው ላይ ሶላር ካለ እሱንም አጥፉ። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ስትመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሲጋራ አይታሰብም፣ ሲሞላ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጂን ይተፋል። ነጩንና አረንጓዴውን ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ የባትሪው ክዳኖች ግን ይዘጉ፣ አንዲት ጠብታ ውስጥ እንዳትገባ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ በላዩ ግሪስ ቀቡ። በላዩ ነው ያልኩት። ሳያስሩ መሃል ላይ የሚለቀልቁ አሉ።

የላላ ሞርሴቶ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የምትጠቀልሉ፣ ምስማር የምትሸጉጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ፎርጅድ ሞርሴቶም አትግዙ፣ ስታጠብቁት እጃችሁ ላይ ይሰነጠቃል። አንድ ጀልባ ላይ ወለሉን ሳነሳ ሁለት ወፍራም ሽቦ በእጅ ተገምዶ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ናስትሮውን ስፈታ አረንጓዴ ዱቄት መዳፌ ላይ ፈሰሰ፣ መዳብ የሚባል ነገር አልቀረም። ባለጀልባው "እንዴ፣ አምና እኮ ነው የተሠራው" ይለኛል። እንኳን እስካሁን ቆየልህ አልኩት።

ሌሎቹ

ባትሪው ከ10 ቮልት በታች ከወረደ አንዳንድ ዘመናዊ ቻርጀር ባትሪ መኖሩንም አያውቅ፣ አይጀምርም። የድሮ ቀላል ቻርጀር ለግማሽ ሰዓት አድርጉበትና መልሱት። ይሄ ለእርሳስ ባትሪ ብቻ ነው። ሊትየም ከሆነ አትንኩት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

ማታ ማታ ቮልት ሲወርድ የሚተኛ ቻርጀርም አለ። አንድ ምሽት ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን መጨረሻው ላይ 168 ለክቻለሁ፣ እዚያው ዲቫይደር ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ። ማንቆርቆሪያውን አንሱ፣ ወፍራም ሽቦ ግዙ።

ሞልቶ፣ ከሁሉ ነገር ተነቅሎ አድሮ 12.6 አካባቢ ከያዘ ባትሪው ደህና ነው። ወደ 10.5 ከወረደ አንዱ ክፍል ሞቷል፣ እሱን ማንም አያድነውም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከታዩ የተጣራ ውሃ እስኪሸፍናቸው ብቻ ጨምሩ፣ ሞልቶ ካበቃ በኋላ እስከ ምልክቱ አድርሱት። አሲድ አይጨመርም። የሐይቁን ውሃ በጆግ ቀድቶ የሞላበት ሰው ገጥሞኛል። "ጣና እኮ ጨው የለውም" ብሎ ተከራከረኝ። ባትሪውን ክረምቱ ሳይወጣ ለቁራሌው ሸጠው።