ጨው በበዛበት ፈሳሽ የበቀለ የፕሮቲን ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ

ክሪስታሉ በ3 ሞላር አሞኒየም ሰልፌት ጨው ውስጥ ሁለት ወር ፈጅቶ ነበር የበቀለው። ጠርዙ ስል፣ መልኩ ጥርት ያለ፣ ርዝመቱ ከሩብ ሚሊሜትር የማይበልጥ። በሉፕ፣ ማለትም በቀለበት ቅርጽ በተጠመዘዘች ቀጭን ክር፣ አንስቼ 30 በመቶ ግሊሰሮል ወዳለበት ጠብታ አዛወርኩት። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ ከጠብታው ዳር መርፌ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ደቂቃ ሳይሞላ ጠብታውን ሞሉት፤ የእኔ ክሪስታል መሃላቸው ተሰነጣጥቆ ቀረ። የሁለት ወር ልፋት እንዲህ ሲያልቅ ማየት ያማል። ይህን የምጽፈውም ሌላው ተማሪ ያችን ደቂቃ እንዳያይ ብዬ ነው።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ከፕሮቲን ክሪስታል ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። የፕሮቲኑን መዋቅር ለማወቅ በኤክስሬይ ምስል ስናነሳው ጨረሩ ቶሎ እንዳይጎዳው በ100 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ላይ እናቆየዋለን። ውሃው በረዶ ሆኖ ክሪስታሉን እንዳያፈርሰው ደግሞ ክራዮፕሮቴክታንት፣ በቤተ ሙከራ አጠራር «ክራዮ»፣ እንጨምርበታለን። ከሁሉ የታወቀው ግሊሰሮል ነው፤ ለቆዳ የምንቀባው ግሊሰሪን ማለት ነው። የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀመጥም ከበረዶ የሚጠብቀው እሱ ነው። ጨው በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ግን የምንፈራው በረዶውን ብቻ አይደለም። ጨውም ራሱ ክሪስታል ሊሆን አፋፍ ላይ ነው ያለው። በረዶውን ብቻ አስቦ የተመረጠ ክራዮ ጨውን ይቀሰቅሰዋል።

ምልክት፦ ክራዮው ገና ሳይቀዘቅዝ ይደፈርሳል፣ ጨው ይጥላል፣ ወይም ሁለት ንብርብር ይሆናል

ምክንያቱ፦ ግሊሰሮልም ሆነ ኤቲሊን ግላይኮል ሲጨመር ጨው የሚሟሟበት ውሃ ያንሳል። ኤምፒዲና ፔግ የሚባሉት ሌሎች ክራዮዎች ደግሞ ይብሳሉ፤ ብዙ አሞኒየም ሰልፌት ወይም ብዙ ፎስፌት ካለበት ፈሳሽ ጋር እንደ ዘይትና ውሃ ተለያይተው ይቀመጣሉ።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ በወረቀት ስሩት። ክሪስታላችሁ በ3.0 ሞላር አሞኒየም ሰልፌት በቅሏል እንበል፤ በእጃችሁ ያለው ስቶክ (ወፍራሙ መነሻ ፈሳሽ) 3.8 ሞላር ነው። 1 ሚሊሊትር ክራዮ ውስጥ 3.0 ሞላሩን ለመጠበቅ ከስቶኩ 789 ማይክሮሊትር ያስፈልጋል። የቀረው 211 ማይክሮሊትር ብቻ ስለሆነ 25 በመቶ ግሊሰሮል፣ ማለትም 250 ማይክሮሊትር፣ አይገባበትም፤ ፒኤቹን ለሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ለበፈሩም፣ ቦታ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ጨውን ይቀንሳል፤ ያኔ ክሪስታሉ ይሟሟል። ሌላው ጨውን በዱቄቱ ይጨምራል፤ ያኔ ጨው ይጥላል። ሁለቱም መንገድ አያደርስም።

መፍትሄው ጨውን በጨው መተካት ነው። በረዶ እንዳይሠራ የሚከለክሉ ጨዎች አሉ። እኔ መጀመሪያ የማነሳው ሶዲየም ማሎኔትን ነው፤ ፕሮቲንን እንደ አሞኒየም ሰልፌት በፈሳሹ ውስጥ እንዳይሟሟ አድርጎ ይይዛል፣ ሲበዛ ደግሞ በቅዝቃዜ እንደ ብርጭቆ ይረጋል። አንዱ ፈሳሽ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል ማለት ነው። 100 ሚሊሊትር የ3.4 ሞላር ስቶክ ለማዘጋጀት 35.4 ግራም ማሎኒክ አሲድ ተጠቀሙ። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹን ወደ 7 አምጡት፤ ከ26 እስከ 27 ግራም ያህል ይጠይቃል። ሃይድሮክሳይዱን በጥቂት በጥቂቱ፣ ብርጭቆውን በበረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ጨምሩ፤ ሲገናኙ ኃይለኛ ሙቀት ይወጣል፣ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት ይፈላል። ከዚያ 2.4፣ 2.8 እና 3.2 ሞላር አድርጋችሁ ከፋፍሉትና የትኛው ጥርት ብሎ እንደሚረጋ ያለ ክሪስታል ፈትኑ።

ሁለተኛው ምርጫ ሊቲየም ሰልፌት ነው። ክሪስታሉ የለመደው ሰልፌት ስላለ ለውጡን ብዙ ጊዜ አይቃወምም፤ ሊቲየም ደግሞ ውሃን አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃው ተደርድሮ በረዶ ለመሆን ይቸገራል። ከ2 ሞላር ጀምራችሁ ሞክሩ። ፎስፌት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ግን ሊቲየም አታስገቡ፤ ሊቲየም ፎስፌት በውሃ የማይሟሟ ስለሆነ ነጭ ዝቃጭ ያወርዳል። ክሪስታሉ በሶዲየም ፎርሜት የበቀለ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ያንኑ ጨው ከፍ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

ስኳርም አለ። ሱክሮስ፣ ትሬሃሎስና ዛይሊቶል ጨውን እንደ ግሊሰሮል ቶሎ አይቀሰቅሱም። በጉድጓዱ ፈሳሽ፣ ማለትም በማብቀያው ዕቃ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ፈሳሽ፣ ዱቄቱን በቀጥታ አሟሙት፤ መጠኑ በክብደት ከ25 እስከ 30 በመቶ ይሁን። ፈሳሹ እንደ ማር ስለሚወፍር ክሪስታሉን ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ግሊሰሮልን ግን ጨርሳችሁ አትጣሉት። አሞኒየም ሰልፌቱ 2 ሞላር አካባቢ ከሆነ 25 በመቶ ግሊሰሮልን ይሸከማል። በ1 ሞላር አካባቢ ሶዲየም ክሎራይድ የሚበቅለው የእንቁላል ነጭ ላይዞዛይምማ በግሊሰሮል ያለ ችግር ይቀዘቅዛል።

ምልክት፦ ክራዮው ጥርት ያለ ነው፤ ክሪስታሉ ግን ሲገባበት ይሰነጠቃል ወይም ጠርዙ ይሟሟል

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት የጉድጓዱን ፈሳሽ ሦስት እጅ፣ ግሊሰሮሉን አንድ እጅ አድርጎ መቀላቀል ነው። 3.0 ሞላር የነበረው ጨው በዚያች ቅጽበት 2.25 ይሆናል። መተካት ያለበት ውሃው ነው እንጂ ጨውና በፈሩ አይደሉም። ክራዮውን ሁልጊዜ ከስቶኮቹ እንደ አዲስ ሥሩት። ጨውን ከነበረበት ትንሽ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

መጠኑ ልክ ሆኖም ከተሰነጠቀ ለውጡ ፈጥኖበታል ማለት ነው። ክሪስታሉን ከቦታው አታንሱት፤ ክራዮውን በጥቂቱ ወደ ጠብታው ጨምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ያንኑ ያህል ፈሳሽ ምጠጡ። አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ይህም ካልሠራ ተቃራኒውን ሞክሩ፦ ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ ብቻ ነክራችሁ ወዲያው ናይትሮጅን ውስጥ ክተቱት። አንዳንድ ክሪስታል ለመሰንጠቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን አትስጡት።

ፒኤችን አትርሱ። ማሎኔታችሁ 7 ላይ ሆኖ ክሪስታሉ በ5.5 ከበቀለ የሚሰነጠቀው በጨው ለውጥ ላይሆን ይችላል።

ምልክት፦ በዲፍራክሽን ምስሉ (ኤክስሬዩ በክሪስታሉ ተበትኖ በሚሰጠው ምስል) ላይ የበረዶ ቀለበት ይታያል

በ3.90፣ በ3.67 እና በ3.44 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ላይ ሦስት ቀለበት ጎን ለጎን ካያችሁ የተለመደው ባለ ስድስት ጎን በረዶ ነው። በረዶው ከየት እንደመጣ ግን ምስሉ ብቻውን አይነግራችሁም። እኔ ሁልጊዜ ባዶ ሉፕ በክራዮው ሞልቼ ናይትሮጅን ውስጥ እነክራለሁ። ወጥቶ እንደ ወተት ከነጣ ክራዮው አልበቃም፤ መጠኑን ከፍ አድርጉ። እንደ መስታወት ጥርት ካለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ያ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ አየሩ ነው። እርጥበት በበዛበት ክፍል ክሪስታሉን ስታዛውሩ ውጪው ላይ አመዳይ ይያዛል፤ በካሜራው ውስጥ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይታያል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ቀስ ብላችሁ ብታፈሱበት ታጥቦ ይሄዳል።

ሌላው ምክንያት የማቀዝቀዙ መዘግየት ነው። ከፈሳሹ ናይትሮጅን ገጽ በላይ ቀዝቃዛ ጋዝ ይተኛል፤ ክሪስታሉ ወደ ፈሳሹ ሳይደርስ እዚያው ጋዝ ውስጥ በዝግታ ይቀዘቅዛል። በ2006 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት ያንን ጋዝ በደረቅ የጋዝ ፍሰት ጠራርጎ ማጥፋት ብቻውን የቅዝቃዜውን ፍጥነት በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። መሣሪያ ባይኖራችሁም ዕቃውን እስከ አፉ ሙሉት፣ ሉፑን ቀጥ አድርጋችሁ በአንድ እንቅስቃሴ አስገቡ። በሉፑ ውስጥ ከክሪስታሉ በላይ የተረፈውን ፈሳሽም ቀንሱ፤ የሚቀዘቅዘው ባነሰ ቁጥር ይፈጥናል።

ምልክት፦ ቀለበት የለም፤ ጥቂት፣ የተራራቁ፣ በጣም ደማቅ ነጠብጣቦች ብቻ

ይህ ጨው ነው። የአሞኒየም ሰልፌት ሴል፣ ማለትም በክሪስታሉ ውስጥ እየተደጋገመ የሚደረደረው ትንሹ ሳጥን፣ ረጅሙ ጎን ከ11 አንግስትሮም አይበልጥም፤ የፕሮቲን ሴል ግን በብዛት ከ50 ይበልጣል። ስለዚህ የጨው ነጠብጣቦች ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ ወደ ምስሉ መሃል አካባቢም አይታዩም። የፕሮቲን ነጠብጣቦች አብረው ካሉ ጨው የሠራው ሉፑ በአየር ላይ ሲደርቅ ነው፤ በሉፕ ውስጥ ያለች ጠብታ በጣት በሚቆጠሩ ሰከንዶች ትደርቃለች። ከማንሳታችሁ በፊት ጠብታውን በፓራፊን ዘይት ሸፍኑት፣ ወይም ክሪስታሉን በፓራቶን ዘይት ውስጥ እየጎተታችሁ የውጪውን ፈሳሽ አራቁ። ዘይቱ ራሱ ክራዮ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ በተለይ በውስጡ ብዙ ውሃ ለሌለው ክሪስታል።

ምልክት፦ ምስሉ ንጹህ ነው፤ ግን ሪዞሉሽኑ (የሚታየው ዝርዝር ጥራት) ወድቋል፣ ሞዛይሲቲው (የድርድሩ መዛባት) ጨምሯል

መጀመሪያ አንድ ክሪስታል ሳታቀዘቅዙ በክፍል ሙቀት ተኩሱበት። እዚያም ደካማ ከሆነ ክራዮ መቀያየር አይረዳችሁም፤ ወደ ማብቀሉ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ወራት ያባክናል፤ እኔም አባክኛለሁ።

በክፍል ሙቀት ጥሩ ከሆነ ጉዳቱ የመጣው በማቀዝቀዙ ነው። ሴሉ ሲቀዘቅዝ በይዘት ጥቂት በመቶ ይሸበሸባል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ አብሮት ካልተሸበሸበ ድርድሩ ይዛባል። ስለዚህ የክራዮውን መጠን ከፍም ዝቅም አድርጋችሁ ሞክሩ፤ በረዶ የሚከለክለው ዝቅተኛው መጠን ለክሪስታሉ ከሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ትንንሾቹን ክሪስታሎች ምረጡ፣ እኩል ይቀዘቅዛሉ። ምትክ ካላችሁ ደግሞ ቀዝቃዛውን የጋዝ ፍሰት ለአምስት ሰከንድ ያህል ከልላችሁ መልሳችሁ ልቀቁት፤ ድርድሩ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ጨው በበዛበት ፈሳሽ ግን በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ጨው ሊሠራ ስለሚችል አንድ ብቻ ለቀራችሁ ክሪስታል ይህን አልመክርም።

ምልክት፦ መዋቅሩ ተፈቷል፤ ሊጋንዱ (ከፕሮቲኑ ጋር የሚጣበቀው ትንሽ ሞለኪውል) ግን ቦታው ላይ የለም

ክራዮው አጥቦት ይሆናል። ሊጋንዱን በበቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ያህል ክራዮው ውስጥም ጨምሩ። ፕሮቲኑ ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም የሚፈልግ ከሆነ ማሎኔትና ሲትሬት ያንን ሊነጥቁት ስለሚችሉ ለዚያ ፕሮቲን ሊቲየም ሰልፌትን ወይም ስኳርን አስቀድሙ። ሰልፌት ደግሞ ፎስፌት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ ማሎኔትም ካርቦክሲሌት ያለውን ሊጋንድ ቦታ ይወስዳል። ከኤክስሬዩ በተሠራው የኤሌክትሮን ካርታ ላይ ያያችሁትን ትንሽ ጉብታ «ሊጋንዴ ነው» ከማለታችሁ በፊት በክራዮው ውስጥ የነበረውን እያንዳንዱን ሞለኪውል በቦታው አስገብታችሁ እዩ። ለዚህም ከእያንዳንዱ ሉፕ ቁጥር ጎን የክራዮውን ሙሉ ቅመም፣ ፒኤቹንና የተነከረበትን ሰከንድ በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።