ልትወድቁ ስትሉ ማንን ትጠራላችሁ?

የሚጥል በሽታ አለብኝ። 11 ዓመት ሆነኝ። ኪኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፤ አልፎ አልፎ ግን ይጥለኛል። ደግነቱ ከመጣሉ በፊት ምልክት ይሰጠኛል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ከዚያ በኋላ 15 ሰከንድ ገደማ አለኝ። የምጽፍላችሁ በእነዚያ 15 ሰከንዶች ምን እንደማደርግ ነው። እናንተ የሚጥል በሽታ ባይኖርባችሁም፣ መንገድ ላይ በሌላ ነገር ስትቸገሩ ይጠቅማችኋል።

ድሮ የማደርገው ስህተት ነበር። «ሰዎች እርዱኝ!» ብዬ እጮሃለሁ። አንድ ጠዋት መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ እንደዚሁ ጮኼ ወደቅኩ። ከኋላዬ የነበረች ልጅ በኋላ እንደነገረችኝ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ እርስ በርሱ ተያየ። «ሁሉም ከመሃላችን አንዱ የሚያውቅሽ መስሎት ነበር» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ሳምንቱን ሙሉ ከተማውን አኮረፍኩት። ሰው ጨክኗል ብዬ። በኋላ ግን ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ የሠሩትን፣ በፈረንጆቹ 1968 የታተመ ጥናት አነበብኩ። የእኔኑ ታሪክ ነው የሠሩት! ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስገብተው በድምፅ መነጋገሪያ እንዲያወሩ አደረጉ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ (ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነው) የሚጥል በሽታ እንዳለበት ይናገራል፤ ትንሽ ቆይቶ መንተባተብና መታነቅ ይጀምራል። እኔና እሱ ብቻ ነን ብለው ካሰቡት ተማሪዎች 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ወጥተው ተናገሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰሙታል ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶው ብቻ። ልብ በሉ፣ ያልወጡትም ግድ አጥተው አይደለም። አንዳንዶቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ተመራማሪው ሲገባ «ልጁ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቁታል። የመገናኛው ሰልፍ ላይ ያለኝ ቂም ያን ቀን ለቀቀኝ።

ስለዚህ አሁን «ሰዎች» ብዬ አልጣራም። አንድ ሰው እመርጣለሁ፤ ዓይኑን አይቼ፣ በጣቴ ጠቁሜ። «ወንድሜ፣ አንተ ቀይ ሹራብ!» ከዚያ በኋላ ሌላው ይረዳታል ብሎ ሊያልፈኝ አይችልም።

ማንን ልምረጥ? መልከ መልካም፣ ጨዋ የሚመስል ሰው አትፈልጉ። የማይቸኩል ፈልጉ። በፈረንጆቹ 1973 የታተመ ሌላ ጥናት አለ፤ ፕሪንስተን ውስጥ የሥነ መለኮት ተማሪዎች ላይ የተሠራ። ገሚሶቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ ንግግር ሊያደርጉ ነበር የሚሄዱት። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ እያቃሰተ ተቀምጧል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶው ረዱት። ረፍዶባችኋል ከተባሉት 10 በመቶው ብቻ። እንግዲህ የካህን እጩ እንዲህ ከሆነ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ የሚሻማ የቢሮ ሠራተኛ ላይ ምን እፈርዳለሁ? እኔ የምመርጠው የተቀመጠ ሰው ነው። ሊስትሮ። ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት። ሎተሪ አዟሪ፣ ቆም ካለ።

ቀጥሎ የምናገረው የበሽታውን ስም ነው። ይህን አትዝለሉ። መንገዳገድ ስጀምር የጠጣሁ ነው የምመስለው፤ ሰው ደግሞ ሰካራም ለማንሳት ያመነታል። ሌላው የሚፈራው ሌባ እንዳይባል ነው። የወደቀች ሴት ላይ ያጎነበሰ ወንድ ኪሷን ሊፈትሽ ነው ይባላል። ስለዚህ ጮክ ብዬ «ቦርሳዬን ያዝልኝ» እለዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ይሰማል። በዚህ ዘዴ እስካሁን የጠፋብኝ አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክብሪቱ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስንወድቅ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫችን ሥር ይዞ ይመጣል። ጥቅም የለውም። መንፈራገጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። ግን ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ክብሪት የሚጭረውን ሰው ወደድኩት። የሚሠራውን ስለሚያውቅ ነው ሳያመነታ የመጣው። የቀሩት ክብ ሠርተው የቆሙት ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም። ስለዚህ ለመረጥኩት ሰው ሥራ እሰጠዋለሁ፦ «የሚጥል በሽታ ነው። ክብሪት እንዳያሸቱኝ። ሰዓት ያዝ!» ይኼው ነው። ከዚህ በላይ ጊዜም የለኝም።

የቀረውን ወረቀት ላይ ጽፌ በላስቲክ አሽጌ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ከድንጋይና ከመኪና አርቁኝ። ጭንቅላቴ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አትጨብጡኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኔ አስተኙኝ። በደንብ ሳልነቃ ውሃ አትስጡኝ። 5 ደቂቃ ካለፈ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፣ 907። በሽታው አይተላለፍም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በትልቁ ነው የጻፍኳት። ለሃጬን ፈርቶ የሚሸሸው ብዙ ነው።

ባለፈው መስከረም ሽታው ሲመጣ ሰፈሬ ያለውን ሊስትሮ ጠራሁት። ስነቃ ጭንቅላቴ ሥር ሹራቡ አለ፤ እሱ ስልኩን አፍጥጦ ያያል። «ሁለት ደቂቃ ከአርባ» አለኝ፣ ፈተና እንዳለፈ ልጅ። ከዚያ ከኪሱ ሦስት ክብሪት አወጣ። ሊያሸቱኝ ከመጡት ሰዎች ቀምቶ ነው። ባለቤቶቹ ሄደዋል። ምን እናድርጋቸው ተባብለን፣ አጠገባችን ቡና ለምታፈላው ሴት ሰጠናት።