ሞና ሊዛን ስናይ ጀርባ የምንሰጠው ሥዕል፦ ሙዚየም ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ፓሪስ በሚገኘው ሉቭር ሙዚየም ሞና ሊዛ ያለችበት አዳራሽ ጢም ብሎ ይሞላል። ሥዕሏ ግን 77 በ53 ሳንቲሜትር ብቻ ናት፤ ያውም ከመስታወት ጀርባ። ሰው ተጋፍቶ ይደርሳል፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያነሳል፣ ይወጣል። ከፊት ለፊቷ ደግሞ የቬሮኔዜ «የቃና ሠርግ» ተሰቅሏል። ወርዱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ይህን የሚያህል ሥዕል ጀርባ ተሰጥቶት ይውላል።

እንግዲህ አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ ዝነኛውን ብቻ ማሳደድ። ሞና ሊዛን አትዩ አላልኩም። ግን መልኳን ድሮም ታውቁታላችሁ። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሠዓሊ ፊት አሥር ደቂቃ መቆም ይበልጥ ያተርፋል።

ሁለተኛው፣ ከሥዕሉ በፊት ጎኑ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ጽሑፉ ምን ማየት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ዓይናችሁም ሌላውን መፈለግ ይተዋል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣለው የአርኖልፊኒ ሥዕል አለ። «ነጋዴውና ሚስቱ» የሚለውን አንብቦ የሚያልፍ ሰው ከኋላቸው ያለችውን ትንሽ ክብ መስታወት ሊስታት ይችላል። መስታወቷ ውስጥ በር ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይታያሉ። የቆሙት እናንተ ባላችሁበት በኩል ነው! ከመስታወቷ በላይ ደግሞ ሠዓሊው «እዚህ ነበር» የሚል ጽሑፍ አለ። መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ አንብቡ።

ሦስተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ዛሬ የምናየውን ቀለም ሠዓሊው የቀባው አድርጎ መውሰድ። ሥዕል ያረጃል። የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ» ውሰዱ። በ1642 የተሣለው የቀን ትዕይንት ነው። ላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ (ቀለሙን የሚጠብቅ አንጸባራቂ ቅባት) እየጠቆረ ሲሄድ ሌሊት መሰለ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ቫርኒሹ በ1940ዎቹ ሲነሳ ብርሃኑ ተመለሰ። ሌላም ጉድ አለው፤ በ1715 ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ግድግዳው አልበቃው ብሎ ጠርዞቹን ቆርጠውታል። ስለዚህ «የሰዎቹ አቀማመጥ ትንሽ ተዛነፈ» ብላችሁ ሠዓሊውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። የቫን ጎህ «መኝታ ቤት» ግድግዳም ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል እንጂ ሲቀባ ወይን ጠጅ ነበር። ቀዩ ቀለም በብርሃን ደብዝዞ ሰማያዊው ብቻ ቀረ።

አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ መቅረትም ስህተት ነው። በሆልባይን «አምባሳደሮቹ» (1533) ግርጌ የተዛባ ነገር አለ። ከፊት ለፊት ምንም አይመስልም። ወደ ቀኝ ዞር ብላችሁ ከጎን ስታዩት የራስ ቅል ይሆናል።

ብዙዎቻችን ደግሞ የወረቀት ንድፎችን «ረቂቅ ናቸው» ብለን እናልፋቸዋለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ዘይት ቀለም ስህተትን ይሸፍናል፤ ንድፍ ላይ ግን እጁ የት እንዳመነታ፣ የትኛውን መስመር ደግሞ እንደሞከረ ይታያል። ንድፎቹ ያሉበት ክፍል ጨለም ማለቱም ያለምክንያት አይደለም። ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳው መብራቱን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ያደርጉታል። የዱረር «ጥንቸል» (1502) ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ሆኖም ለጥቂት ወራት ታይቶ ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ቡናማ የሚመስለው የድሮ የብዕር ቀለምም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ጥቁር ነበር፤ ውስጡ ብረት ያለበት ቀለም ከዘመን ብዛት ቡናማ ይሆናል።

ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት? እሱን ተዉት። እግር ብቻ ነው የሚደክመው።

የመጨረሻው ከቤት ሆነው የሚያዩትን ይመለከታል። አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም «የሌሊት ዘብ»ን በ717 ቢሊዮን ፒክስል አንስቶ በነፃ ለቆታል፤ የቀለሙን ስንጥቅ ሁሉ ማየት ትችላላችሁ። ስክሪን ላይ ግን ጥንቸሏና ዘቦቹ እኩል ይሆናሉ። አንዷ 25 ሳንቲሜትር አካባቢ ናት፤ ሌላው ከ4 ሜትር በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ሥሩ የተጻፈውን ልኬት እዩ፤ ቤት ውስጥ ሜትር ካለ ደግሞ ግድግዳው ላይ ለኩት።