ከልጆች ጋር መጽሔት ላይ ያያችሁትን ሥራ ስትሞክሩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ (ለጣና ዳር ወላጆች)

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ልጆቹ ቤት ናቸው። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ውጪም አይወጡም። ብዙ ወላጆች በዚህ ሰሞን የቤተሰብ መጽሔት ይገልጣሉ፤ የእጅ ሥራ፣ የምግብ አሠራርና የልጆች ጨዋታ የሞላበት፣ የታተመም ይሁን ከስልክ የወረደ። እኔም እንዲህ ያለውን መጽሔት እወዳለሁ። ግን አብዛኛው የተዘጋጀው ሌላ አገር ላለ ልጅ ነው። ጣና ዳር ምን እንደሚበቅል፣ ምን እንደሚያሰጋ፣ መቼ እንደሚጾም አያውቅም። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ ገጹ ላይ የተጻፈውን ዕቃ ማሳደድ። የጥድ ፍሬ፣ ብልጭልጭ ወረቀት፣ የአይስክሬም እንጨት፣ ባለቀለም ጥጥ ይላል። ወላጅ ገበያውን ሲዞር ይውልና ወይ ብዙ ብር ያወጣል ወይ "የለም" ብሎ ይተወዋል። ኧረ ደንገሉ ደጃችን ነው! የመጽሔቱን የወረቀት ጀልባ ተዉትና ትንሽ ታንኳ ሥሩ። ደንገሉን ቆርጣችሁ ፀሐይ በወጣ ቁጥር እያወጣችሁ አድርቁት፤ እርጥቡ ከባድ ነው፣ ሲደርቅ ይቀልላል። ከዚያ ሁለት እሽግ አድርጋችሁ በሲባጎ እሰሩ፣ እሽጎቹን ጎን ለጎን አጣምሩ፣ የፊቱን ጫፍ ሰብስባችሁ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ሸብ አድርጉት። ሳፋ ውስጥ ይንሳፈፋል። ልጁ ጠጠር እየጫነ ስንት እንደሚችል ይቁጠር፤ ሲያድር ለምን ዝቅ እንዳለም ይጠይቃችሁ። ትልቁም ታንኳ እኮ ውሃ ይጠጣል፤ ለዚህ ነው ሥራ ሲያበቃ ከውሃ ወጥቶ እንዲደርቅ የሚደረገው። ይህንን ከእኛ በላይ የሚያውቁት የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በአክብሮት ጠይቁ፣ ላጠፋችሁባቸው ጊዜም ክፈሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ግን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። "ሂዱና ከሐይቁ ዳር ደንገል አምጡ" ብሎ ልጅ መላክ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት ጥልቀት የሌለውን፣ የማይንቀሳቀሰውን፣ ሣርና ደንገል የበዛበትን ውሃ ነው፤ ማለትም ልጅ ደንገል ለመቁረጥ የሚገባበትን ቦታ። ጥገኛው ተሕዋስ ውሃው ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም፣ እግር መንከር ይበቃዋል። ስለዚህ ደንገሉን የተቆረጠውን ግዙ፣ ወይም ትልቅ ሰው ከደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ይቁረጥ። ለሳፋውም የቧንቧ ውሃ ተጠቀሙ። ልጃችሁ ሐይቁ ውስጥ ሲቦራጨቅ የቆየ ከሆነ አትደናገጡ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት፣ በክኒን የሚታከም በሽታ ነው። ሌላም አለ፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ማለዳና ማታ ከነልጅ ውሃ ዳር መንጎዳጎድ ጨዋታ አይደለም።

"የተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል" ማለት ደግሞ ሦስተኛው። መጽሔቱ "ከደጅ ያገኛችሁትን ፍሬ በክር ሰክታችሁ የአንገት ጌጥ ሥሩ" ሲል እዚህ ደጅ ያለውን ጉሎ አያውቀውም። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ልጅ ይማርካል፤ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ሊገድል የሚችል መርዝ አለው። አስተናግርም እንዲሁ ፍሬው መርዝ ነው። የአጥር ቅንጭብና ቁልቋል ሲቆረጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፣ ስለዚህ "ቅርንጫፍ ለቅማችሁ ኑ" ከማለታችሁ በፊት አብራችሁ ዙሩና የማይነካውን በጣት አሳዩ። ለጌጥ የሚሆን ሞልቷል። የባሕር ዛፍ ፍሬ አለ፣ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፣ ከስፌት የተረፈ ባለቀለም አለላ አለ።

የእምቦጭ አበባም ያምራል፣ ሐምራዊ ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ከሐይቁ አውጥቶ ግቢ ውስጥ ባለ ኩሬ ወይም በርሜል መትከል ግን በፍጹም አይሆንም። ጣናን ምን እንዳደረገው እያየን ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ልጆች ከፈለጉ ሥዕሉን ይሣሉት።

የሚጫወቱበት ሊጥም አለ፤ ዱቄትና ጨው በብዛት አቡክታችሁ ቅርጽ ሥሩ የሚለው። እህል መጫወቻ ሲሆን አያቶች ቅር ይላቸዋል፣ እኔም እነሱን እደግፋለሁ፣ በዚህ የዱቄት ዋጋ ደግሞ ጭራሽ። ጭቃ አለ አይደል? ስህተቱ የትኛውንም ጭቃ ማንሳት ነው። ጥቁሩ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ የልጁ በሬ ቀንዱ ይወድቅና ለቅሶ ይሆናል። የሸክላ አፈር ፈልጉ፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ደቃቅ ጭድ ቀላቅሉበት፣ ደህና አድርጋችሁ እሹት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ወደ ወጥ ቤት ስንገባ ትልቁ ስህተት የኬኩን መጠን እንዳለ መገልበጥ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 94 አካባቢ ነው፣ የአየሩም ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ኬኩ ቶሎ ኩፍ ይልና መሐሉ ስርጉድ ይላል፣ ልጁም "አበላሸሁት" ብሎ ያዝናል። አላበላሸውም። 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚል ካለ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል፣ ፈሳሹን ትንሽ ጨመር አድርጉ። ባቄላና ሽምብራም መጽሔቱ ካለው ሰዓት በላይ ይቆያሉ።

ከዚያ ጾሙ። ነሐሴ ላይ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ገጽ መክፈት በጾመኛ ቤት ልጁን ማጓጓት ብቻ ነው። ፍልሰታን ብዙ ልጆችም ይጾሙታል። በዚህ ጊዜ የቡሄን ሙልሙል አስጋግሯቸው፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ውሃ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ያድበልብል። ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ ብለው ለሚመጡት ልጆች ራሱ የጋገረውን ሲሰጥ ማየት ደስ ይላል። በሌላ ጊዜ አሳ ከሠራችሁ ለትንንሾቹ ቆሮሶ ይሻላል፣ ነጭ አሳ ቀጫጭን እሾሁ ይበዛል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ኦቾሎኒና ጠንካራ ቆሎ አትስጡ፣ ያንቃል።

መቀሱን ከልጅ እጅ መንጠቅ። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ፎቶው ላይ ያለው ቤት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የልጃችሁ ተንጋዷል፣ "አምጪው እኔ ላስተካክልልሽ" ትሏታላችሁ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የእሷ አይደለም። እጃችሁን አጣምራችሁ ተቀመጡ። ስትጠይቃችሁ ብቻ እርዷት።

አያትን መርሳትም አለ። ቤት ውስጥ ወስፌና ሰንደዶ ይዘው የሚሰፉ እማማ ተቀምጠው እኛ ከስልክ ላይ "እንዴት ይጠለፋል" እንፈልጋለን። እሳቸው ጋ አስቀምጧቸው፣ ወንዶቹንም ጭምር። ስፌት የሴት ነው፣ ሥዕል የወንድ ነው የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹም ይሣሉ።

ስለ እንቁጣጣሽ ካነሳሁ፣ ሥዕሉን ለጳጉሜ ማቆየት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። በክረምት እርጥበት የውሃ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ ተደራርቦ ሲቀመጥ ይጣበቃል። ለጎረቤት የሚዞረው ብዙ ነውና ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሩ፤ ገመድ ዘርጉና በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፣ የደረቀውን በጋዜጣ እየለያችሁ አስቀምጡ።