የጤፍ እርሾ ከዜሮ ሲነሳ፦ ችግርና መፍትሄ

እርሾ የሚያውስ ጎረቤት በሌለበት፣ ወይም ቡሃቃው አዲስ በሆነበት ቤት፣ እርሾ ከጤፍ ዱቄትና ከውሃ ብቻ ይነሳል። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ትዕግሥትና ሙቀት ግን ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ እርሾውን የሚደፋው ሊነሳ ሲል ነውና።

ከታች ያሉት ችግሮች በሙሉ የሚታዩት ከዚህ መነሻ አንጻር ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት በ150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡና አንድ ሊትር በሚይዝ፣ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያድርጉት። ክዳኑን ጣል ያድርጉበት እንጂ አያጥብቁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ ማማሰል ብቻ ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየ24 ሰዓቱ ከሊጡ 50 ግራም አስቀርተው ሌላውን ያውጡ፤ ለቀረው 50 ግራም ዱቄትና 75 ሚሊ ሊትር ውሃ ይስጡት። ቦታው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ከሆነ እርሾው ከ5 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ለሥራ ይደርሳል።

በሁለተኛው ቀን አረፋ ሞልቶ ነበር፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጭጭ አለ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ፦ የመጀመሪያው አረፋ ከእርሾ የመጣ አይደለም። ዱቄቱ ላይ የነበሩ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ውሃ እንዳገኙ በፍጥነት ይራባሉ፣ ጋዝ ያወጣሉ፣ ሽታቸውም ይከረፋል። በዚያው ጊዜ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ሊጡን ያኮመጥጡታል። ኮምጣጣነቱ ሲበረታ የፊተኞቹ መኖር ያቅታቸዋል፤ አረፋውም አብሯቸው ይጠፋል። የእርሾ ፈንገሶቹ ኮምጣጣውን ይችሉታል፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ገና ትንሽ ስለሆነ በዓይን የሚታይ ሥራ ለመሥራት ሁለት ሦስት ቀን ይወስድባቸዋል።

መፍትሄው፦ አይድፉት። ለማነቃቃት ብለው በቀን ሁለቴና ሦስቴ ዱቄት አይጨምሩ፤ አዲስ ዱቄትና ውሃ በበዛ ቁጥር የተጠራቀመው አሲድ ይቀጥናል፣ ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መግበው ሽታውን ይከታተሉ። ክርፋቱ ለቆ የእርጎ ዓይነት ኮምጣጣ ሽታ ከመጣ እርሾው መንገዱን ይዟል ማለት ነው፤ አረፋው ከዚያ በኋላ ይመለሳል። የፒኤች (የኮምጣጣነት) መለኪያ ወረቀት ካለ፣ ንባቡ ወደ 4 ሲወርድ ይህንኑ ያረጋግጣል። አረፋው ሲመለስ በየ12 ሰዓቱ መመገብ ይቻላል።

እዚህ ደረጃ ላይ የዳቦ ደረቅ እርሾ ቆንጥሮ መጨመር የሚመክሩ አሉ። አይበጅም። አረፋው በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ የእንጀራውን ጣዕም የሚሰጠው ኮምጣጣነት ግን አይኖርም። የሚገኘውም የሱቁ እርሾ ነው እንጂ ከጤፉ የወጣው አይደለም።

ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አረፋ የለም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ቤቱ ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን ሥራው በቀናት ይጓተታል፤ አዲስ አበባ በክረምት፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ማሞቂያው ሌሊት ሲጠፋ የሚሆነው ይኸው ነው። ዕቃውን በጋቢ መጠቅለል ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አዲስ ሙቀት አይፈጥርም። የሚሻለው፣ ኦቨኑን ሳይለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርቶ ዕቃውን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም በጠፋ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከአንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ጎን አኑሮ በሩን መዝጋትና ውሃውን ጠዋት ማታ መቀየር ነው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን በዛ ካለበት፣ ገና ያልጠነከሩትን ተሐዋስያን ያዳክማል። አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ አድሮ ወይም ፈልቶ ቀዝቅዞ ሲቀርብ ክሎሪኑ ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ግን በማሳደር አይለቅም፤ እዚያ ላለ ሰው እርሾው ለሥራ እስኪደርስ ድረስ የታሸገ ውሃ መጠቀም ይቀላል።

ሦስተኛው ዱቄቱ ነው። የጤፍ ፍሬ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ የሚፈለጉት ተሐዋስያን አብረውት ይመጣሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሞቃት ቦታ የቆየ ዱቄት ግን ይደክማል። አፍ ላይ የሚመር ወይም የከረመ ዘይት የሚሸት ከሆነ አይጠቀሙበት። ውጭ አገር ለእንጀራ የሚደባለቀው ራሱ የሚነሳ የስንዴ ዱቄት ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር፣ ብዙ ጊዜም ጨው ስላለበት ለእርሾ ማስነሻ አይሆንም። ዱቄቱ የተጠረጠረ እንደሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልተነፋ የገብስ ዱቄት ይጨምሩ፤ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የማይስማማው ሰው ማሽላ ይተካ።

ዕቃው በበረኪና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀም ጅማሬው ይበላሻል። የጥንቱ ቡሃቃ ተፈግፍጎ አይታጠብም ነበር፤ ጥጉ ላይ የቀረው ሊጥ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይሆነዋል። በሳሙና የሚጸዳ ፕላስቲክ ባልዲ ያንን ስለማይሰጥ እርሾውን ለብቻ ማኖር ግድ ነው።

አረፋ አለ፤ ከፍ ግን አይልም

ችግሩ የእርሾው ላይሆን ይችላል። ስለ ስንዴ እርሾ የተጻፉ መመሪያዎች «እጥፍ እስኪሆን ይጠብቁ» ይላሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ጋዙን እንደ ስንዴ ሊጥ አፍኖ አይዝም። ስለዚህ በከፍታው ብቻ አይፍረዱ። በብርጭቆው ጎን ሲመለከቱ ከታች እስከ ላይ የተበታተኑ ቀዳዳዎች አሉ? ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ማንኪያ ሲገባበት ይፍለቀለቃል? ከሆነ በቂ ነው።

መፈተን ከፈለጉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ በ50 ግራም ዱቄትና በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይለውሱ። ጠነን ያለ ሊጥ ጋዙን የተሻለ ይይዛል። በሞቃት ቦታ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ኩፍ ብሎ ፊቱ ከተሰነጣጠቀ፣ ይህም በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተደገመ፣ እርሾው ለሥራ ደርሷል።

ውሃው ላይ ቀረ፣ ሊጡ ታች ዘቀጠ

እዚህም የስንዴው ምክር ያሳስታል፤ እዚያ ላይ የተንሳፈፈ ውሃ የረሃብ ምልክት ነው። ጤፍ ላይ ግን ከቡኮው በኋላ የሚጠልለው ቢጫማ ውሃ ራሱ እርሾው ነው፤ የሚደፋ ሳይሆን የሚቀመጥ። ልዩነቱ በቀለምና በሽታ ይታወቃል። ቢጫማ ሆኖ ጥሩ ኮምጣጣ ሽታ ካለው ያስቀምጡት። ጠቆር ብሎ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ካመጣ እርሾው ተርቧል ወይም ሙቀት በዝቶበታል፤ ጠቆር ያለውን ውሃ ደፍተው፣ ከታቹ 30 ግራም ወስደው 60 ግራም ዱቄትና 90 ሚሊ ሊትር ውሃ ይስጡት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት ይህ በአንድ ሌሊት ሊሆን ስለሚችል ቀዝቀዝ ባለ ውሃ መመገብና አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ማኖር ይጠቅማል።

ፊቱ ላይ ነጭ ነገር ወጣ

ጠፍጣፋ፣ ስስና የተጨማደደ ነጭ ቆዳ ከሆነ ከአየር ጋር የተገናኘ የእርሾ ዓይነት ነው፤ አይጎዳም። ገፍፈው ያውጡትና ከታች ካለው ንጹሕ ሊጥ ትንሽ ወስደው በሌላ ዕቃ ይመግቡ። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ ግን ሁሉንም ይድፉ። የሻገተውን ብቻ መግፈፍ አይበቃም፤ የሻጋታው ክርና መርዙ ከታች ይሠርጋል። ሻጋታ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ጎን ላይ ተለጥፎ ከደረቀ ሊጥ ነውና በየምግቡ ጎኑን በንጹሕ ማንኪያ ጠርገው ወደ ታች ይመልሱ።

እርሾው ጥሩ ነው፤ እንጀራው ዓይን አላወጣም

ምጣዱ በደንብ ካልጋለ ዓይን አይወጣም። ምጣዱ ደህና ከሆነ አብሲቱን፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ በስሎ ወደ ሊጡ የሚመለሰውን፣ ይመርምሩ። ለ1 ኪሎ ጤፍ 160 ሚሊ ሊትር ያህል እርሾ ይበቃል። ሊጡ ከተቦካ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ላዩ ላይ ያለውን ውሃ ካጠለሉ በኋላ አንድ ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ ውሃ በጥብጠው፣ እሳት ላይ እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉ። እጅ የማያቃጥል ሲሆን ወደ ሊጡ ይመልሱትና ኩፍ እስኪል ይጠብቁ፤ እንደ ቤቱ ሙቀት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ኩፍ ሳይል የተጋገረ ድፍን ይሆናል፤ ኩፍ ብሎ ተመልሶ የወረደም እንዲሁ።

ቶሎ ቶሎ የማይጋግር ሰው የጠለለውን እርሾ ከጥቂት ሊጥ ጋር በጠርሙስ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይችላል፤ ከመጋገሩ በፊት ባለው ቀን አውጥቶ አንድ ጊዜ ይመግበው።