ኮከቡ ለምን እንቁላል መሰለ? ካሜራን ቴሌስኮፕ ላይ ገጥመው የሩቁን ሰማይ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሜራዬን ቴሌስኮፕ ላይ ገጥሜ መጀመሪያ ያነሳሁት የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ማለትም በኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ነበር። ኔቡላው አለ፤ ከዋክብቱ ግን አንድም ሳይቀሩ እንቁላል መስለዋል። ጥፋቱን በሌንሱ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በካሜራው። ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። ጥፋቱ ከታቸው ባለው ማውንት፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ኮከቡን እየተከተለ በሚዞረው መሣሪያ፣ አቀማመጥ ላይ ነበር። ደግሞም ያነበብኳቸው መመሪያዎች በሙሉ የተጻፉት የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ለሚታያቸው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰዎች ነው። የእኛ ሰማይ አቀማመጡ ሌላ ነው፤ እዚህ የምጽፈውም አዲስ አበባና አካባቢዋ ላለ ጀማሪ ነው።

ገንዘቡን ሁሉ ለቴሌስኮፑ ቱቦ ማዋል

ምድር ስለምትዞር ከዋክብት በየሰከንዱ 15 የቅስት ሰከንድ ያህል የሚጓዙ ይመስላሉ። አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ ስለሆነ ጉዞው ኢምንት ይመስላል። ግን የትኩረት ርዝመቱ 480 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ፒክስሉ 3.76 ማይክሮን የሆነ ካሜራ ሲገጠም፣ አንዷ ፒክስል የምትሸፍነው 1.6 የቅስት ሰከንድ ብቻ ነው። ማውንቱ ኮከቡን ካልተከተለ ኮከቡ በአንዲት ሰከንድ ዘጠኝ ፒክስል አልፎ ይሄዳል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው የሁለት ወይም የሦስት ደቂቃ ፎቶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥሩ ማውንት፣ ከዚያ ትንሽ ቴሌስኮፕ። ፋብሪካው «አሥር ኪሎ ይሸከማል» ካለ ለፎቶ አምስቱን ብቻ ይመኑ። ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚንቀሳቀስ ማውንት ኮከቡን በደንብ ቢከተል እንኳ ምስሉ በመሃሉ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ለረጅም ፎቶ አይሆንም። ትልቁ ቱቦ ሌላም ጣጣ አለው። ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት በሚሏት በአንድሮሜዳ ስም የሚጠራው ጋላክሲ በሰማይ ላይ ሦስት ዲግሪ ይረዝማል፤ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ማለት ነው። በ2,000 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕና መካከለኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ የሚያገኙት ግን ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ቤተ መንግሥት በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ይሆናል።

የሰሜን ኮከብን በባዕድ መመሪያ መፈለግ

ብዙ ሌሊት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ማውንቱ ከዋክብትን በትክክል እንዲከተል ዘንጉ ሰማዩ ሁሉ ሲዞርበት ወደሚታየው ነጥብ፣ ወደ ሰማዩ ዋልታ፣ ማመልከት አለበት፤ ለዚያ ነጥብ ምልክት የሚሆነን የሰሜን ኮከብ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ግድም ወደ ሰሜን ናት። የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ የሚቆመው በዚያው ልክ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ጡጫዎን ቢያነሱ የአንድ ጡጫ ቁመት አይሞላም። እንጦጦ ሥር ላለ ሰው ተራራው፣ መሃል ከተማ ላለ ደግሞ የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል።

ብዙ ማውንት ደግሞ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ እንዲል ሆኖ አልተሠራም። በግድ ብሎኑን ከማጥበቅ የትራይፖዱን የደቡብ እግር ትንሽ ማስረዘም ይሻላል። ትራይፖዱ ውኃ ልኩን ባይጠብቅ ምንም አይደለም፤ ዋናው የማውንቱ ዘንግ ወደ ሰማዩ ዋልታ ማመልከቱ ነው። መመሪያው «አንዱን እግር ወደ ሰሜን አዙሩ» ካለ በእኛ አገር አይስሙት። ዘንጉ ሊጋደም ስለሚቃረብ የቴሌስኮፑን ክብደት የሚያመዛዝነው ብረት ሲንጠለጠል ያንን እግር ይመታል። ማውንቱ ከፈቀደ በሁለት እግሮች መካከል ያለው ክፍተት ወደ ሰሜን ይዙር፤ ካልፈቀደ በትራይፖዱና በማውንቱ መካከል ማራዘሚያ ምሰሶ ያስገቡ። እንዳይገለበጥ እኔ ከመሃሉ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጥላለሁ።

ኮምፓስን አይመኑ፤ የሚያሳየው መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው፣ የማውንቱ ብረትም ያሳስተዋል። የሰሜን ኮከብ ራሱም ቢሆን ትክክለኛው ዋልታ ላይ አይደለም። ከጨረቃ ስፋት የሚበልጥ፣ 0.6 ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ በዋልታ መነጽሩ (በማውንቱ ዘንግ ውስጥ ባለችው ትንሽ መነጽር) መሃል ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው። በዚያች ሰዓት በየትኛው ጎን እንደሚውል የስልክ መተግበሪያ ይነግርዎታል።

ኮከቡ ጨርሶ ካልታየስ? ኒና የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከየትኛውም የሰማይ ክፍል ሦስት ፎቶ አንስቶ ስህተቱን ያሰላል። ኮምፒውተር ከሌለ ጥንታዊው መንገድ አለ። ከአናትዎ 9 ዲግሪ ግድም ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ ይያዙና ማውንቱ እየተከተለው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መንሸራተቱን ያስተውሉ። ከተንሸራተተ ማውንቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተዛንፏል። ቀጥሎ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ይዘው ከፍታውን ያስተካክሉ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊቱን ያተርፋል።

ፎከሱን በግምት መተው

በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ይመስላል፤ ቤት ሲገቡ ነው ጉዱ የሚወጣው። መፍትሔው ፓቬል ባህቲኖቭ የተባለ ሩሲያዊ በ2005 ያወጣው ጭንብል ነው። ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ሲደረግ ደማቅ ኮከብ ሦስት ጨረር ያወጣል፤ የመሃለኛው ጨረር በሁለቱ መገናኛ ላይ ሲያርፍ ፎከሱ ልክ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እየገፋ ብርዱ ሲጠና ቱቦው ስለሚኮማተር በየሰዓቱ ደግመው ይዩት። ሲጨርሱ ጭንብሉን ማንሳት አይርሱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከነጭንብሉ አንስቻለሁ።

በአንድ ረጅም ፎቶ መተማመን

አንድ የአሥር ደቂቃ ፎቶ ውስጥ አውሮፕላን ቢያልፍ ወይም ነፋስ ቢነካው አሥሩም ደቂቃ ይጠፋል። ሃያ የሁለት ደቂቃ ፎቶ አንስቶ እንደ ሲሪል ባለ ነጻ ፕሮግራም መደራረብ ይሻላል። የፎቶው ጥራት ከጊዜው እኩል እንደማያድግ ግን ይወቁ፤ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ካሜራው በጄፔግ ሳይሆን በሮው፣ ማለትም ባልተነካካ ጥሬ ፋይል፣ ይቅዳ። የኦሪዮን ኔቡላ መሃሉ በጣም ስለሚያበራ በሁለት ደቂቃው ፎቶ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፤ ለእሱ ጥቂት የአምስትና የአሥር ሰከንድ ፎቶዎች ለብቻ ያንሱ።

ዳርክና ፍላት «ነገ አነሳለሁ» ማለት

ዳርክ ማለት ክዳኑ ተከድኖ፣ በዚያው የሙቀት መጠን፣ በዚያው አይኤስኦና በዚያው የጊዜ ርዝመት የሚነሳ ጨለማ ፎቶ ነው፤ የካሜራውን የራሱን ጉድፍ ይቀንሳል። ፍላት ደግሞ ወጥ በሆነ ብርሃን ላይ የሚነሳ ፎቶ ነው፤ አቧራው የሚተወውን ቀለበትና የጠርዙን ጥላ ያጠፋል። ካሜራው ሳይነቀል፣ ፎከሱም ሳይነካ ነው መነሳት ያለበት፤ ስለዚህ ነገ አይሆንም። ፈረንጆቹ ነጭ ቲሸርት ይወጥሩበታል። እኔ የእናቴን ነጠላ አጥፌ፣ ጥበቡ እንዳይገባ ጠንቅቄ ቱቦው አፍ ላይ እወጥርና ጎሕ ሲቀድ ወደ ሰማይ አዞረዋለሁ። ከነጠላ የተሻለ ፍላት አላየሁም።

ብርሃንን መዘንጋት

ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሳምንት ደብዛዛ ጋላክሲ አያሳዱ፤ ጨረቃዋን ራሷን ያንሱ። ከከተማ ወጥተው ሲያነሱ ለአካባቢው ሰው ቀድመው ይንገሩ። አንዴ በሌሊት አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ባትሪያቸውን አበሩብኝና «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። «ምንም አልጠፋብኝም አባባ፣ ኮከብ ነው የማነሳው» ብላቸው «ኮከብ ቆጣሪ ነህ እንዴ?» ብለው ባትሪውን ቱቦው ላይ አዞሩት። ያ ፎቶ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ፌስታል የታሰረበት ትርፍ ባትሪ ይዤ እሄዳለሁ፤ ለእንግዳ የምሰጠው።

የባዕድ ዝርዝር ብቻ ማሳደድ

ለጀማሪ የሚወጣው ዝርዝር የሰሜኖቹን ሰማይ ነው የሚከተለው። የኦሪዮን ኔቡላ እኛ ጋ በታኅሣሥና በጥር ከአናት ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ በእሱ ይጀምሩ። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ፋታ በሰጠበት ሌሊት ግን ፊትዎን ወደ ደቡብ ያዙሩ። ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ በፍኖተ ሐሊብ ካሉት ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች ትልቁ፣ ከአዲስ አበባ እስከ 33 ዲግሪ ከፍ ይላል። ለንደን ላለ ሰው ከአድማስ በላይ አይወጣም። ደማቅ ስለሆነ የ30 ሰከንድ ፎቶዎች ይበቁታል፤ የዋልታው አቀማመጥ ጥቂት ቢዛነፍ እንኳ ከዋክብቱ እንቁላል አይሆኑም።