ለወላጅ የሞባይል ቀፎ ስትመርጡ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት *804# አስደውሉ

ለእናት ወይም ለአባት ባለ ቁልፍ፣ ታጣፊ ወይስ ተች ስልክ ይሻላል በሚለው የተቸገራችሁ ሁሉ፣ የራሳቸውን የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ በየቀፎው አስገብታችሁ፣ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው፣ ያለ ማንም እርዳታ የቀሪ ሒሳብ መጠየቂያውን *804# እንዲደውሉ አድርጉ፤ ሳይሳሳቱ የደወሉበትን ቀፎ ግዙላቸው።

አብዛኛው ተች ስክሪን ጣትን የሚለየው በግፊት ሳይሆን የሰው አካል ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ስለሆነ፣ በሥራ የጠነከረና የደረቀ የጣት ቆዳ ሲነካው ላይሰማ ይችላል። እናቴ ለዓመታት እንጀራ በጋገረችበት አውራ ጣቷ መስታወቱን ሦስት ጊዜ ነክታው ኮከቡ አልመጣ አላት፤ በባለ ቁልፉ ላይ ግን በ5 ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በዳሰሳ አገኘች፤ 8 ከ5 በታች፣ 0 ከ8 በታች፣ 4 ደግሞ ከ5 በስተግራ ስለሆነ መነጽሯን ሳታደርግ እስከ መሰላሉ ጨረሰችው። ታጣፊው ሲከደን ቁልፎቹ ስለሚሸፈኑ፣ በኪስ ውስጥ ሳይታሰብ የሚደወለውንም ያስቀራል።

ቴሌብር በ*127# በባለ ቁልፍ ስልክም ስለሚሠራ፣ ለእርሱ ብላችሁ ተች አትግዙ። ሆኖም ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ፊታቸውን እያዩ ሊያነጋግሯቸው የሚፈልጉ ከሆነ ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ያን ጊዜ ተቹን ገዝታችሁ የልጆቹን ስም ከነፎቶው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አውጡላቸው።